«ውኃ አትድፉ» እያልኩ የኖርኩበት ሥራ

ጡረታ ወጣሁ ብዬ መናገር አልችልም። ጡረታ የሚያወጣኝ መሥሪያ ቤት አልነበረኝም፤ ያወጣኝ ጉልበቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ተንበርክኬ የሰው ግቢ ስፈትግ ኖሬ፣ ዘንድሮ ተንበርክኬ መነሣት ሲያቅተኝ ብሩሼን ሰቀልኩ። ልጆቼ «አሁንስ አረፍክ» ይሉኛል። ማረፌስ እውነት ነው። ግን አሁንም በሰው ደጅ ሳልፍ ዓይኔ መሬት ላይ ነው፤ ቤቱን ሳላይ ንጣፉን አያለሁ፤ ንጣፉንም አይቼ መናደዴ አልቀረም።

ሥራዬን ለማያውቅ ላስረዳ። ድሬዳዋ ውስጥ አፈር ግቢ እየጠፋ ነው። ሰው ትንሽ ሲያልፍለት ግቢውን ያስነጥፋል፤ ድሮ በሲሚንቶ ንጣፍና በቴራዞ፣ አሁን እርስ በርሱ በሚገጣጠመው ኢንተርሎክ። ንጣፍ ደግሞ ይቆሽሻል። ጥላ ያረፈበት ቦታ አረንጓዴ ያበቅላል፤ ሌላው ከሥሩ ነጭ ጨው ያወጣል። እኔ ያንን አጥባለሁ፤ ፉጋውን፣ ማለትም በንጣፍና በንጣፍ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ጠርጌ በአሸዋ እሞላለሁ፤ በመጨረሻ ውኃ እንዳያስገባ የሚያሽገውን ፈሳሽ እቀባለሁ። ሻጮቹ ሲለር ይሉታል፤ እኔ ግን ቅባት ማለት ይቀለኛል።

«ድሬ ደረቅ አገር አይደለም እንዴ? እርጥበት ከየት መጣ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ በተለይ ከደጋ የመጣ እንግዳ። ከክረምቱ ጥቂት ሳምንታት በቀር እርጥበቱ ከሰማይ አይመጣም፤ ከሰው እጅ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የድሬ ሰው ባልዲውን ወይም ጎማውን ይዞ ይወጣና ግቢውን ያረሰርሰዋል። መሬቱ ቀን የዋጠውን ሙቀት እንዲተፋ ነው። ከዚያ ምንጣፉ ይዘረጋል፣ ትራሱ ይደረደራል፣ ጨዋታው ይጀመራል። ሙቀቱን የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም፤ ሚስቴም እኔ ቤት ትደፋለች። ግን ቅባት እርጥብ ንጣፍ ላይ አይቀባም! ከሥር ያለው ውኃ መውጫ ሲያጣ ቅባቱን ያነጣዋል፤ ግቢው ወተት የተደፋበት ይመስላል፤ ቀጥሎ ይላጣል። ስለዚህ ከመቀባቴ በፊት ጥቂት ቀን፣ ከቀባሁም በኋላ ጥቂት ቀን ውኃ እንዳይደፋ እለምናለሁ። የሥራ ዘመኔ ሲጠቃለል ይኸው ልመና ነው።

«ውኃ አትድፉ።»

«እሺ አቦ፣ አብሽር!»

አብሽር አታስብ ማለት ነው። እኔ ማሰብ የምጀምረው አብሽር ሲሉኝ ነው። በማግስቱ ስመለስ ግቢው ረጥቦ ይጠብቀኛል። ማነው የደፋው ብዬ ስጠይቅ ማንም የለም። «ወላሂ ጠብ አላደረግንም! አቧራው እንዲበርድ ትንሽ ረጨት አድርገን ነው እንጂ።» አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ላግዝህ ብዬ ነው ብላ፣ ስደርስ ግቢውን በሳሙና አጥባ ጨርሳ አገኘኋት። አመስግኛት እንድሄድ ትጠብቅ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ ኦቦ ሙሜ ነው። አንቱ መባል ስለማይወድ እኔም አሁን አንተ እያልኩ ልጻፍለት። ከዚራ ሰፈር ውስጥ የባቡር ሠራተኞች የኖሩባቸውን ግቢዎች ሲያነጥፍና ሲያድስ ያረጀ ግንበኛ ነበር። እኔ አሸዋ ለማመላለስ በቀን ሥራ ገብቼ ነው ያገኘሁት፤ አሸዋውን ከማቀብለው ይልቅ እጁን ሳይ የምውለውን ብዛት አይቶ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ብሩሽ ወረወረልኝ።

ኦቦ ሙሜ አዲስ ሥራ ለማየት ጠዋት ሄዶ አያውቅም። የሚሄደው ሰው ውኃ በሚደፋበት ሰዓት ነው። ይገባል፣ ሰላም ይላል፣ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ይላል፣ ጫቱን በጉንጩ ይዞ ዝም። ባለቤቱ ስለ ዋጋ ሊያወራው ይሞክራል፤ እሱ አይሰማም። ማን ከየትኛው በር ባልዲ ይዞ እንደወጣ፣ የልብስ እጣቢ የት እንደሚደፋ፣ ልጆች የት እንደሚታጠቡ ያያል። እኔ ወጣት ስለነበርኩ ይሄ መቀመጥ ያበሳጨኝ ነበር።

«ኦቦ፣ ንጣፍ ለማየት አይደለም የመጣነው?» አልኩት አንዴ።

«ንጣፉ የት ይሄዳል? ሰዎቹን እይ» አለኝ።

ሲመሽ ከመውጣቱ በፊት ቁራጭ ላስቲክ ንጣፉ ላይ ዘርግቶ ጠርዝ ጠርዙን በድንጋይ ያስጭነዋል። ጠዋት ላስቲኩን ገልብጦ በእጁ ጀርባ ይዳስሰዋል። ላብ ካለው ሥራ የለም፤ ብሩሹን ብብቱ ሥር ወሽቆ ወደ ቤቱ። ባለቤቱ ቢቆጣ፣ ሠርግ አለብኝ ቢል፣ ቢለማመጥ ኦቦ ሙሜ አይመለስም። ነጩን ጨው ደግሞ በጣቱ ነክቶ ይልሰውና «ይሄ ከጎማ ነው፣ ያኛው ከሥር ነው የሚመጣው» ይል ነበር። እኔም ብዙ ልሻለሁ፤ ያተረፍኩት የምላስ ቁስል ነው።

አሲድ ሲጠቀም መጀመሪያ ንጣፉን በንጹሕ ውኃ ያጠግበዋል፤ የጠማው ድንጋይ አሲዱን ጠጥቶ ይቦረቦራልና። አሲዱን ወደ ውኃው ይጨምራል እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አይጨምርም፤ ይህን ስሳሳት ብሩሽ ወርውሮ መትቶኛል። ቅባት የሚቀባው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። የድሬ ፀሐይ ካገኘችው ሮለሩ ላይ እያለ ይደርቅና አረፋ አረፋ ይሠራል። ደግሞም በስሱ፤ «ገንፎ አይደለም፣ አታወፍረው» እያለ ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ አንድ ሆቴል ቋሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራ አስኪያጁ ጥሩ ልብስ የሚለብስ፣ «አይቻልም» የሚባል ቃል ሲሰማ የሚታመም ሰው ነበር። ክረምት ላይ ዝናብ ጥሎ ባደረ ግቢ፣ ማታ እንግዳ ስለሚመጣ ዛሬውኑ ቀብተህ አብራልኝ አለኝ። ረጥቧል አልኩት። ከየክፍሉ ማራገቢያ አስወጥቶ በግቢው ዙሪያ አስተከለ። ቀኑን ሙሉ ለድንጋይ ንፋስ ስናራግብ ዋልን! ቀባሁ፣ ነጣ፣ ጥፋቱ የኔ ሆነ፣ ወጣሁ። በኋላ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ የሠራተኛ መኖሪያ ግቢዎች ስሠራ ደግሞ ከአንድ ወጣት መሐንዲስ ጋር ተገናኘሁ፤ በግፊት የሚያጥበውን ማሽን ፉጋውን ሳይቦረቡር እንዴት እንደሚያዝ በትዕግሥት አሳየኝ። ኦቦ ሙሜ ያላወቀውን ስላወቅሁ ትንሽ ኮራሁ መሰለኝ፤ ቁጭ ብሎ ሰው ማየቱንም ተውኩት። ማሽን እያለ ማን ግድግዳ ተደግፎ ይውላል?

መጋላ ሰፈር ውስጥ እስከ ዛሬ ስሜ የሚነሣበት ሥራ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሐጂ ዩሱፍ አሁን በሕይወት ስለሌሉ ልናገረው። ልጃቸው ነኢማ ይህን ብታነብ ትቆጣኝ ይሆናል። ትቆጣ፤ ለምጄዋለሁ።

ነኢማ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ልብስ ትሸጣለች። አባቷ ሐጂ ዩሱፍ ድሮ ነጋዴ የነበሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ግቢው ሰፊ ነው፤ የሐጂ ክፍል በአንድ ጥግ፣ የግቢው በር በሌላው ጥግ፣ መሐል ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ። ነኢማ የጠራችኝ አባቷ አረንጓዴው አዳልጧቸው ወድቀው ስለነበር ነው።

«ወንድሜ ጀማል አዲስ አበባ ልውሰደው እያለ ነው» አለችኝ። «አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍል አዘጋጅቶለታል። አባቴ ከዚህ ከወጣ ይሞትብኛል፤ መስጊዱ፣ ጓደኞቹ፣ ሁሉ ነገሩ እዚህ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ከወደቀ ግን እኔም እንቢ ልለው አልችልም። እባክህ ይሄን ግቢ አድርቅልኝ።»

ነገሩ ስለገባኝ ተጠንቅቄ ሠራሁት። አረንጓዴውን በበረኪናና በብሩሽ አነሣሁ፣ አጠብኩ፣ ፉጋውን ሞላሁ፣ ውኃ አትድፉ አልኩ። ነኢማ እንደ ሌሎቹ አይደለችም፤ ጎማውን ጠቅልላ መጋዘን ቆለፈችበት። ዙሪያውን አየሁ፣ ደረቅ ነው፤ በንጋት ቀባሁት። እንዲያ ያለ የሚያምር ግቢ ሠርቼ አላውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ነኢማ ደወለች። ግቢው ደህና ነው፤ ግን ከአባቷ ክፍል ተነሥቶ፣ ዛፉን ዞሮ፣ እስከ ግቢው በር የሚደርስ ነጭ መስመር ወጥቷል። ሄጄ ሳየው አመመኝ። የክንድ ስፋት ያህል ነው፤ ነጥቷል፣ መላጥም ጀምሯል፣ ከመላጡም በላይ ያዳልጣል።

«ማነው እዚህ ውኃ የደፋው?»

«ወላሂ ማንም! ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

መስመሩን ልጬ አነሣሁ፣ አደረቅሁ፣ እንደገና ቀባሁ። እንደገና ነጣ። የተቀበረ ቱቦ አለ ብዬ ንጣፍ አንሥቼ ቆፈርኩ፤ ምንም የለም። ነኢማ ሌላው ቀርቶ ሻይ ማቅረብ ተወች። ጎረቤት እየመጣ ያያል፣ አስተያየት ይሰጣል። ቅባቱ የውሸት ነው አለ አንዱ። ሠራተኛው ነው አለ ሌላው። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ሚስቴ ላይ መጮህ ጀመርኩ፤ እሷ ምን አደረገችኝ? ጀማል ነገሩን ሰምቶ በሚቀጥለው ሳምንት መኪና ይዞ እንደሚመጣ ተናገረ። አንድ ሽማግሌ በኔ ሥራ ምክንያት ከቤታቸው ሊነቀሉ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ሌላው ሁሉ ሲያልቅብኝ ነው ኦቦ ሙሜ ትዝ ያለኝ። ውኃ በሚደፋበት ሰዓት ሄጄ የዛፉን ግንድ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ነኢማ ታይዋን ናት፤ ቤቱ ፀጥ ብሏል። አዛን ሲል የሐጂ በር ተከፈተ። ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ጫማ አያደርጉም፣ ነጠላ ጫማቸው የግቢው በር ሥር ነው የሚቀመጠው። የዉዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው የክፍላቸው በር ደፍ ላይ ቁጭ አሉ፣ እጃቸውንና ፊታቸውን፣ እግራቸውን ታጠቡ። ቤተሰቡ ይህን ውኃ መድፋት ብሎ አይቆጥረውም፤ ለሶላት መታጠብ ነውና። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ገልብጠው የቀረውን በሙሉ መሬት ላይ አፈሰሱት። ቆመው ጠበቁ። ግቢው ወደ በሩ ነው የሚያዘቀዝቀው፤ መውረጃው ቀዳዳ በሩ ሥር ነው። ውኃው ቁልቁል ወረደ፣ ዛፉን ዞረ፣ በሩ ጋ ደረሰ። ሐጂ እግራቸውን እርጥቡ ላይ አሳረፉ። በእግራቸው ጣት እየዳሰሱ፣ እርጥቡን ሲስቱ ትንሽ ቆም ብለው ፈልገው እያገኙ፣ ውኃውን ተከትለው በሩ ድረስ ሄዱ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ዛፉን ሲዞሩ እጄን ብዘረጋ እነካቸዋለሁ። ፊታቸው ወደ እኔ ነው። አላዩኝም።

ዓይናቸው የደከመ አልነበረም። ጨርሶ ጠፍቷል።

«ሐጂ» አልኩ።

ደነገጡና በሩን ያዙ። «ማነው? ባለ ንጣፉ?»

«እኔ ነኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

በሩን ሳይለቁ መለሱልኝ። «ከረመዳን ወዲህ ጥላም አላይም። ነኢማ ትንሽ ያያል ነው የምትለው። ተዋት፣ ትበል። ይሄን ካወቀች ጀማል ዛሬ ማታ ነው የሚመጣው።»

«ታዲያ ይሄ ውኃ እኮ ነው የጣለዎት! አረንጓዴውን ያበቀለው እሱ ነው! ሥራዬንም ያበላሸው እሱ ነው!» ስጮህ ለራሴም ተሰማኝ።

«አውቃለሁ አቦ፣ አትጩህ። ግን በሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከበሩ ወዲያ ችግር የለብኝም፤ ግድግዳ አለ፣ ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል፣ ድምፁን ተከትዬ እሄዳለሁ። ይሄ ሜዳ ነው ያቃተኝ። በእጄ የምይዘው ነገር የለውም።»

ተናደድኩ፤ ማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። ስንት ቀን ለማኝ ሆኜ፣ ንጣፍ ቆፍሬ፣ ሚስቴን አስለቅሼ! ደግሞ አዘንኩ። ለነኢማ ብነግራት አባቷን ታጣለች። ባልነግራትና ቢወድቁ ደማቸው በኔ አንገት ነው። ኦቦ ሙሜ በሕይወት ቢኖር ምን እንደሚያደርግ ለማሰብ ሞከርኩ፤ እሱ መጀመሪያውኑ ቁጭ ብሎ ያይ ስለነበር እዚህ ውስጥ አይገባም ነበር።

ማታ ነኢማን አነጋገርኳት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። «ቅባቱን አበላሽቼዋለሁ። መስመሩን ንጣፍ አንሥቼ በሻካራ ድንጋይ ልተካው፤ ሌላ መፍትሔ የለውም።»

«በመሐል ግቢዬ? የከብት መንገድ ልታስመስለው ነው?»

«እግር አያዳልጥም፣ ቅባትም አይፈልግም።»

«ከዚህ በላይ ምን ታበላሻለህ» አለችኝ፤ «ሥራና ውጣልኝ።»

ሻካራ ጥቁር ድንጋይ መርጬ፣ ፊቱን በመሮ ይበልጥ አሻክሬ፣ የሐጂን ደፍ ከበሩ ጋር የሚያገናኝ መስመር ተከልኩ። ጠርዙን በጣም አጥብቄ ከንጣፉ ጋር አስተካከልኩት፤ ጣት የሚመታ ጉብታ እንዳይኖር በእጄ ጀርባ እየዳሰስኩ። ዛፉ ጋ ሲደርስ መስመሩ መዞሩን እግር እንዲያውቀው ድንጋዮቹን አግድም አደረግኋቸው። ሐጂ በየቀኑ ነኢማ ስትወጣ መጥተው ይቆሙበታል፤ «እዚህች ጋ ለስልሳለች» ይሉኛል፤ እንደገና እወቅራለሁ። ጨርሶ የሚያስቸግር አሠሪ ማለት እሳቸው ናቸው። እንደ እሳቸው ሥራዬን የመረመረልኝ ሰው ግን የለም።

ጀማል የመጣው የመጨረሻውን ድንጋይ ባጠበቅሁበት ቀን ነው። ለአባቱ ልብስ የሚሆን ባዶ ሻንጣ ከመኪናው አውርዶ ዛፉ ሥር አስቀመጠ። ነኢማ በሩ ጋ ቆማ እጇን ታፍተለትላለች። የቀትር አዛን አለ።

ሐጂ ወጡ። ዉዱእ አደረጉ። ማንቆርቆሪያውን ውኃው እንዳለበት ቀስ አድርገው ደፉ ላይ አስቀመጡት። እግራቸውን ዘረጉ፣ ድንጋዩን አገኙ፣ ጀመሩ። አልቸኮሉም፣ አላመነቱም። ዛፉ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። ጀማል አጠገብ ሲያልፉ «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ፣ ከሶላት ስመለስ እናወራለን» አሉት፤ ሽቶው አስቀድሞ ነግሯቸዋል መሰለኝ። በሩ ጋ ቆሙ፣ ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ፈልገው አጠለቁ።

ጀማል ዓይኑ እንባ ሞላ። «ደህና ነው እኮ!» አለ። «ነኢማ፣ ምን ሆንሽና ነው ወደቀ ብለሽ ያስፈራራሽኝ? እኔን እያየ ሰላም ብሎኝ አይደል እንዴ የሄደው?»

ነኢማ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እሱ እንባውን ጠርጎ ወደ መሬቱ ተመለከተና ወደ እኔ ዞረ፤ በዕድሜ ብበልጠውም በድሬ ደንብ አንተ ነው የሚለኝ።

«አንተ ግን ምን ዓይነት ሰው ነህ? ይሄን የመሰለ ግቢ በመሐሉ ጠባሳ ታወጣበታለህ? መጋላ ውስጥ አንድ ሰው ካሠራህ እኔ ጀማል አይደለሁም!»

ዛቻውን ፈጸመው። ከዚያ በኋላ መጋላ ውስጥ የጠራኝ የለም፤ ኑሮዬን ከሌላ ሰፈር ነው የገፋሁት፤ ያንገበግበኝ ነበር፣ አሁንም ያንገበግበኛል። በዚያች ሰዓት ግን መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ሐጂ ከበሩ ሆነው ቀደሙኝ።

«ተወው ልጄ» አሉ። «እጁ ጥሩ ነው። ዓይኑ ትንሽ ደክሞበት ነው።»

ዓይኑ! ይህን የሚሉኝ እሳቸው ናቸው! ሐጂ በሩን ከፍተው ወጡ፤ ከውጭ የሰላምታው ድምፅ ተቀበላቸው። እኔ መዶሻና መሮዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ጀማል ጥቂት ቆሞ፣ ባዶውን ሻንጣ ከዛፉ ሥር አንሥቶ ወደ መኪናው መለሰው።